ፊልሙ የሚሮጥ ይመስላል እንጂ ይቆማል

ሰሞኑን በ70 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ትልቅ ፊልም ስለሚያሳዩ ሲኒማዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህን ነው። ትልቅ ፊልም ናፍቆት እንጂ ሌላ አይደለም። ትልቅ የሆነው ስክሪኑ ነው፤ ፊልሙ ቢተልቅም ቢያንስም ለውጥ የለውም። ማሽኑ ያው የድሮው ፕሮጀክተር ነው፣ መጠኑ ብቻ አድጓል። ፊልሙ እንደ ሪባን በመብራቱ ፊት ይሮጣል፤ ዓይናችን ያየውን ይዞ ስለሚቆይ እንቅስቃሴ ሆኖ ይታየናል። ድምፁ ጠርዙ ላይ ስለተቀረጸ ቶሎ ይበላሻል። ኢማክስ (የትልቅ ስክሪን ሲኒማ ስም ነው) የሚል ምልክት ያለበት አዳራሽ ሁሉ አንድ ነው። ዲጂታል በሁሉም ነገር ይበልጣል፤ ባይበልጥም ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቀውም።

አንዳንዱ ላይ ልክ ናቸው። እሱን አልሸሽግም፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ብዙው ግን ስህተት ነው፤ የስህተቱም ምንጭ አንድ ይመስለኛል። ጸሐፊው ትልቅ ፊልምን የመጠን ጉዳይ ብቻ አድርገው አይተውታል። እኔ የመቆም ጉዳይ ነው እላለሁ። ስለዚህ ከሪባኑ ልጀምር። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ፊልም በመብራት ፊት እየሮጠ ቢያልፍ ስክሪኑ ላይ የምናየው የተዝረከረከ ቀለም ነው። ፊት የለም፣ ዛፍ የለም። ከላይ ወደ ታች የተጎተተ መስመር ብቻ። ፕሮጀክተር የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ምስል፣ ያመጣል። ያቆመዋል። ብርሃን ይለቅበታል። ብርሃኑን ይጋርዳል። ጨለማው ውስጥ ቀጣዩን ያመጣል። ይህን በሰከንድ 24 ጊዜ ያደርጋል። ለአንድ ፍሬም የሚደርሰው 42 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። መምጣቱም፣ መቆሙም፣ መታየቱም በዚያች ቅጽበት ውስጥ ማለቅ አለባቸው።

በተለመደው ማሽን ይህን የሚያደርገው የማልታ መስቀል የሚባል ዕቃ ነው። አንድ ፒን ያለበት ክብ ብረት ሳያቋርጥ ይዞራል። አጠገቡ አራት ስንጥቅ ያለው መስቀል አለ። ፒኑ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ መስቀሉን ሩብ ዙር ይገፋዋል። ፒኑ ሲወጣ መስቀሉ ተቆልፎ ቀጥ ይላል። ከመስቀሉ ጋር የተገጠመው ጥርሳም ጎማ ፊልሙን በጠርዙ ቀዳዳዎች ይዞ ልክ አንድ ፍሬም ስቦ ይቆማል። በቃ ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል የኖረ ብልሃት ነው።

አንድ ጊዜ የ70 ሚሊሜትር ፊልም ማሽን ላይ ሲገባ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ኦፕሬተሩ ፊልሙን በሁለት ጣት፣ ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ ከላይኛው ጥርሳም ጎማ ላይ አሳለፈው። ብርሃኑ ከሚያልፍበት መስኮት ከማስገባቱ በፊት ግን ሆን ብሎ አላላው። ግማሽ ክብ የሚሆን ትርፍ ተወለት። ከመስኮቱ በታችም እንደዚያው። ለምን አትወጥረውም አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፣ ማሽኑን አስነሳውና በጣቱ አሳየኝ። የላይኛው ጎማ ፊልሙን ሳያቋርጥ ይሰጣል። የታችኛው ሳያቋርጥ ይቀበላል። መሃል ያለው ግን ይስባል፣ ይቆማል፣ ይስባል፣ ይቆማል። ያ ትርፍ ባይኖር ቀዳዳዎቹ ገና በመጀመሪያዋ ሰከንድ ይበጣጠሱ ነበር። ሁለቱ ቀለበቶች ማሽኑ ላይ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ከበላያቸው ያለው ፊልም ለስለስ ብሎ ይፈሳል፤ ከበታቻቸው ያለውም እንዲሁ። እዚያ መሃል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሪባን የሚለው ምስል ከራሴ የወጣው ያን ቀን ነው።

ዓይን ያየውን ይዞ ይቆያል የሚለው ማብራሪያ ብዙ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ግን እስቲ እናስበው። ዓይን አሮጌውን ምስል ይዞ ቢቆይ አዲሱ በላዩ ይደረብና ሁለቱም ይበላሻሉ እንጂ እንቅስቃሴ አይሆኑም። እንቅስቃሴውን የሚሠራው አእምሮ ነው። ማክስ ቬርትሃይመር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1912 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች በትክክለኛ ፍጥነት ተራ በተራ ቢታዩ፣ አንዱ ከቦታው ተነስቶ ወደ ሌላው የሄደ ሆኖ ይታየናል። ሁለቱም ግን ከቦታቸው አልተነሱም።

ዓይን ስላለበት ድክመት ከተነሳ፣ የሚነሳው ብልጭ ድርግም ማለት ነው። በሰከንድ 24 ብልጭታ ለዓይን ያስቸግራል። ፍሬም ጨምሩ ቢባል ደግሞ ፊልሙ ይረዝማል። ስለዚህ የሚሽከረከረው መጋረጃ ፊልሙ ሲንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ፍሬሙ ቆሞ ሳለም መሃል ላይ አንዴ ይጋርደዋል። አንዱ ፍሬም ሁለቴ ይታያል፤ 24ቱ 48 ይሆናል። ሦስቴ የሚያሳዩም አሉ። በዚህ የተነሳ በተለመደው ማሽን ሁለት ሰዓት ፊልም ካያችሁ ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህሉን የተቀመጣችሁት ጨለማ ስክሪን ፊት ነው። ሳትነቁበት።

አሁን ወደ መጠኑ። ትልቅ የሆነው ስክሪኑ ነው፣ ትንሹንም ፊልም በሌንስ ማጉላት ይቻላል የሚለው ነጥብ ብዙ ሰው ያሳመነ ይመስለኛል። ቤቴ ውስጥ አንዲት የ70 ሚሊሜትር ቁራጭ አለችኝ። መስኮት ላይ ስዘረጋት ያለ ማጉያ የሰዎቹ ፊት ይለያል። በአንዱ ፍሬም ጎን አምስት ቀዳዳ ይቆጠራል። ፍሬሙ ወደ 48.5 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የ35 ሚሊሜትሩ ፊልም ፍሬም አራት ቀዳዳ ነው፤ ስፋቱ 21 ሚሊሜትር አካባቢ። ኢማክስ የሚጠቀምበት ሦስተኛ ዓይነት አለ። ፊልሙ ያው 70 ነው፤ የተለወጠው አኳኋኑ ነው። ወደ ታች መሄዱ ቀርቶ በአግድም ይሄዳል። ቅድም የምስሉ ስፋት የነበረው 48.5 ሚሊሜትር አሁን ቁመት ይሆናል። ስፋቱ ደግሞ በፊልሙ ርዝመት ላይ ይተኛና 70 ሚሊሜትር ይደርሳል። አንዱ ፍሬም 15 ቀዳዳ ይበላል። በስፋትና በቁመት ሲባዛ ከ35ቱ ወደ አሥር እጥፍ፣ ከአምስት ቀዳዳው 70 ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

ይህ ስክሪኑ ላይ ምን ያመጣል? 22 ሜትር የሚሰፋ ስክሪን እንውሰድ። ከ35 ሚሊሜትር ለመሙላት ምስሉን በስፋት ከ1,000 ጊዜ በላይ ማጉላት አለብን። ከ15 ቀዳዳው ለመሙላት 314 ጊዜ ይበቃል። ሌንሱ የሚያጎላው ምስሉን ብቻ አይደለም። ፊልሙ ላይ ያለውን ሁሉ ያጎላል። የፀጉር ውፍረት የምታህል፣ 0.05 ሚሊሜትር የሆነች አቧራ ተቀምጣ እንበል። በ35ቱ ስክሪኑ ላይ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ትሆናለች። በትልቁ 1.6 ሴንቲሜትር። ፍሬሙ ሲቆም ከቦታው በ0.02 ሚሊሜትር ቢዛነፍስ? በ35ቱ ምስሉ በሙሉ 2 ሴንቲሜትር ይዘላል። በትልቁ 6 ሚሊሜትር። ይህ በየሰከንዱ 24 ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ትልቅ ስክሪን ላይ ከትንሽ ፊልም የመጣ ምስል የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ብርሃንም አለ። ለዚያ የሚያህል ስክሪን ትልቁ ማሽን 15 ኪሎዋት የሚደርስ የዜኖን አምፖል ይጠቀማል። አምፖሉ በውሃ ይቀዘቅዛል። መስታወቱ ኳርትዝ ነው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ በከባድ ግፊት የታመቀ ስለሆነ የሚቀይረው ሰው ፊቱንና ደረቱን የሚጠብቅ ልብስ ለብሶ ነው የሚነካው። ያን ሁሉ ብርሃን በ35 ሚሊሜትር ፍሬም ውስጥ አሳልፉ ብትሉ ፊልሙ አይችለውም። ሙቀቱ ያጎብጠዋል፣ ሲብስም ያበላሸዋል። አሥር እጥፍ በሚሰፋው ላይ ግን ሙቀቱ ይበተናል። ስለዚህ ሌንስ መጨመር አይበቃም። ትንሹ ፊልም ያን ያህል ስክሪን የሚያበራ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ የለውም።

ማሽኑ የድሮው ነው፣ ብቻ አድጓል ወደሚለው ልምጣ። ጸሐፊውን በጣም የምሞግታቸው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሳነብ ተናድጃለሁ።

በ35 ሚሊሜትር የማልታው መስቀል ፊልሙን በአንድ ጊዜ 19 ሚሊሜትር ይስበዋል። በአምስት ቀዳዳው 70፣ 23.75 ሚሊሜትር። በ15 ቀዳዳው 71.25 ሚሊሜትር። ያንኑ ያህል ጊዜ ይዘን፣ ወደ አራት እጥፍ የሚረዝም መንገድ፣ በጣም በሚከብድ ፊልም። ከቆመበት ተነስቶ፣ ፈጥኖ፣ ተመልሶ ቀጥ ሊል ነው። ያን ጉልበት የሚሸከሙት የጠርዙ ቀዳዳዎች ናቸው። አይችሉትም። መስቀሉን በማሳደግ የሚፈታ ነገር አይደለም። እንዲያውም ባሳደጋችሁት ቁጥር ቀዳዳው ላይ ያለው ጫና ይብሳል።

ሌላ መንገድ ያሰበው በአውስትራሊያ ብሪዝበን ይኖር የነበረ ሮን ጆንስ የተባለ ሰው ነው። መንከባለያ ቀለበት ብንለው ያስኬዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅና ከባድ ምንጣፍ ወለል ላይ ተነጥፏል እንበል። ትንሽ ወደ ግራ ማስጠጋት ፈለጋችሁ። ጫፉን ይዛችሁ ብትጎትቱ አይነቃነቅም፣ ወይ ይቀደዳል። ግን በቀኝ ጫፉ በኩል እጥፋት ፍጠሩና ያችን እጥፋት በእጃችሁ እየገፋችሁ እስከ ግራ ጫፍ ውሰዷት። እጥፋቷ ስትወጣ ምንጣፉ በሙሉ በእጥፋቷ ልክ ተጠግቷል። የትኛውም ክፍል ወለሉ ላይ አልተጎተተም። እያንዳንዱ ክፍል ተነሳ፣ ተመልሶ ተኛ። ይኸው ነው።

ማሽኑ ውስጥ ትልቅ ከበሮ በአግድም ይዞራል፤ ዙሪያውን ክፍተቶች አሉት። ክፍተት በመጣ ቁጥር ትርፍ ፊልም ይገባበትና ሞገድ ይሠራል። ከበሮው ሲዞር ሞገዱ በብርሃኑ መስኮት ፊት እየተንከባለለ ያልፋል። ከሞገዱ ኋላ አዲሱ ፍሬም በለስላሳው ይተኛል። ፊልሙን በጥርሱ የሚጎትተው የለም። ሲተኛም የማይንቀሳቀሱ ፒኖች ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገቡና ልክ ቦታው ላይ ይይዙታል።

ከዚያ ደግሞ እኔን በጣም የሚገርመኝ ነገር አለ። ፊልም ሲሞቅ ይጎብጣል። ትንሽ ቢጎብጥ መሃሉ ጥርት ሲል ዳሩ ይደበዝዛል፤ ዳሩን ቢያስተካክሉ መሃሉ ይሄዳል። ፍሬሙ በሰፋ ቁጥር ችግሩ ይከፋል። እዚህ ማሽን ላይ ፍሬሙ የሚተኛው ብርጭቆ ላይ ነው፤ ብርጭቆውም ራሱ ሌንስ ነው። በዙሪያው ያለው አየር ይመጠጣል። ፍሬሙ ብርጭቆው ላይ ልጥፍ ይላል፣ ብርሃን ያልፍበታል፣ ይለቀቃል፣ ሞገዱ ያነሳዋል። ይህ ሁሉ በ42 ሚሊሰከንድ ውስጥ። ፊልሙ የሚሄድበትን ፍጥነት በአማካይ ካሰላነው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ያህል። ግን በየሰባት ሴንቲሜትሩ ፍጹም ቀጥ እያለ የሚራመድ ሰው አስቡ።

ትርፉ መረጋጋት ብቻ አይደለም። ሞገዱ ቶሎ ስለሚያልፍ መጋረጃው ከተለመደው ማሽን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ይሆናል። ከቅድሙ ጨለማ ላይ ተቀንሶ ለብርሃኑ ይሰጣል።

ሐሳቡን ገዝተው ማሽን ያደረጉት ካናዳውያን ናቸው። ግሬም ፈርጉሰን፣ ሮማን ክሮይተርና ሮበርት ከር በ1967 ኋላ ኢማክስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ኤክስፖ (የዓለም ዐውደ ርእይ) ብዙ ፕሮጀክተር ጎን ለጎን አሰልፎ ትልቅ ምስል መፍጠር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አይተዋል። አንድ ጠንካራ ማሽን ይሻላል ብለው መሐንዲሱን ዊልያም ሾውን ጨመሩ። የጆንስን ሞገድ ሥራ ላይ የሚውል ፕሮጀክተር ያደረገው ሾው ነው። በ1970 በኦሳካ ኤክስፖ ለሕዝብ አሳዩት። በ1971 ቶሮንቶ ውስጥ ሲኒስፌር የመጀመሪያው ቋሚ አዳራሽ ሆነ። ይህን ያድጋል እንጂ አይለወጥም ብሎ ማለፍ፣ እዚያ ላይ ለዓመታት የለፉትን ሰዎች ሥራ አለማየት ነው።

የድምፁ ነገር ብዙ አያቆየንም። ካሜራው ውስጥ የሚገባው ትልቅ ፊልም 65 ሚሊሜትር ነው። ለማሳያ የሚታተመው 70 የሆነው፣ ያ 5 ሚሊሜትር በ1955 ቶድ ኤኦ የተባለው የትልቅ ፊልም አሠራር ሥራ ላይ ሲውል ለድምፅ የማግኔት መስመሮች ቦታ ስለተተወ ነው። ስድስት የድምፅ መስመር ይዞ ነበር። ማግኔቱ እየተፋቀ ይሄድ እንደነበር እውነት ነው፤ ለዚያ ዘመን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዛሬ ግን ጠርዙ ላይ የሚታተመው የሰዓት ምልክት ብቻ ነው። ድምፁ ከሌላ መሣሪያ በዲጂታል ይመጣና በዚያ ምልክት ከምስሉ ጋር ይገጥማል። በ15 ቀዳዳው ላይ ደግሞ ድምፅ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ለብቻው በሌላ 35 ሚሊሜትር የማግኔት ፊልም ላይ ነበር፤ ኋላ ወደ ዲጂታል ተዛወረ።

ኢማክስ ሁሉ አንድ ነው መባሉን በተመለከተ ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ብቻ አልጥልም። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ከ2008 ጀምሮ በዚያ ስም ዲጂታል አዳራሾች ተከፍተዋል። የመጀመሪያዎቹ የሁለት 2ኬ (በስፋቱ 2,048 ነጥብ) ፕሮጀክተሮች ምስል ተደራርቦ የሚታይባቸው ናቸው። ቆይቶ 4ኬ የሌዘር ፕሮጀክተር መጣ። ቅርጹም አንድ አይደለም። የ15 ቀዳዳው ፊልም ስፋት ለቁመቱ 1.43 ነው። ብዙዎቹ ዲጂታል አዳራሾች 1.90 ናቸው። 22 ሜትር የሚሰፋ ስክሪን ላይ የመጀመሪያው 15.4 ሜትር ይቆማል፤ ሁለተኛው 11.6 ሜትር። ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ምስል ከላይና ከታች ቀርቷል ማለት ነው። ምልክቱ ግን አንድ ነው፣ ቲኬቱም ላይ ልዩነቱ ሁልጊዜ አይጻፍም። ፊልም ማየት ፈልጋችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሚታየው ከፊልም ነው ወይስ ከዲጂታል? ቅርጹስ ስንት ነው? ከሌዘሮቹ መካከልም 1.43 የሚያሳዩ አሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም።

ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። 70 ሚሊሜትር ተብሎ የሚታይ ሁሉ በ70 የተቀረጸ አይደለም። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ብዙ ፊልሞች በ35 ተቀርጸው፣ ለትልልቅ አዳራሾች ብቻ ወደ 70 ተገልብጠዋል። የበለጠ ብርሃንና የተሻለ ድምፅ ያገኛሉ። ያልተቀረጸ ዝርዝር ግን ከየትም አይመጣም። በ2008 የወጣው ዘ ዳርክ ናይት የተባለው ፊልም የተወሰኑ ትዕይንቶቹ በኢማክስ ካሜራ ተቀርጸው ቀሪው በ35 ነው። አዳራሹ ውስጥ ቅርጹ ሲለዋወጥ ልዩነቱ አብሮ ይታይ ነበር።

ዲጂታል ይበልጣል ለሚለው መልሴ፣ በየትኛው ነገር ነው የሚለው ነው። በአንዳንዱ በእርግጥ ይበልጣል። ዲጂታል ምስል ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የመጀመሪያው ቀንና የመቶኛው ቀን ማሳያ አንድ ነው፤ ፊልም ግን በዞረ ቁጥር ጭረት ይሰበስባል። የድሮ የቀለም ኮፒዎች ቀለማቸው እየጠፋ ቀላ ብለው ቀርተዋል። ጥሩ ሌዘር የሚሰጠው ጥቁር በጣም ጥልቅ ነው። ክብደቱማ አይወዳደርም። በ2023 ኦፐንሃይመር የተባለው ፊልም በ15 ቀዳዳ ሲታይ አንዱ ኮፒ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይረዝምና 270 ኪሎ አካባቢ ይመዝን ነበር። በዓለም ላይ እንደዚያ ሊያሳዩት የቻሉት አዳራሾች 30 ብቻ ናቸው። ሲኒማ ቤቶች ወደ ሃርድ ዲስክ ለምን እንደዞሩ ይገባኛል። አልፈርድባቸውም።

የፊልም ወዳጆችም 18ኬ ነው እያሉ የሚጠሩት ቁጥር አለ። እኔ አልጠቀምበትም። ፊልም ፒክስል የለውም። ዝርዝሩ የሚወሰነው በኔጋቲቩ (ካሜራው ውስጥ በተቀረጸው ፊልም)፣ በሌንሱ፣ በሕትመቱ፣ በማሽኑ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው ምንጊዜም ኔጋቲቩ ላይ ካለው ያነሰ ነው። አንድ ቁጥር ለጥፎ መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

ግን ጸሐፊው 4ኬ ለማንኛውም ስክሪን ይበቃል ሲሉ እናስላው። 4ኬ በስፋቱ 4,096 ነጥብ ነው። ያንን 22 ሜትር ላይ ስንዘረጋው አንዱ ነጥብ 5.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ጤናማ ዓይን የዲግሪን 60ኛ እጅ ይለያል። 5.4 ሚሊሜትር ያን ያህል የምታንሰው 18.5 ሜትር ስንርቅ ነው። ከዚያ ቀርቦ የተቀመጠ ሰው ዓይን ስክሪኑ ከሚሰጠው በላይ የማየት አቅም አለው። 2ኬ ከሆነ ርቀቱ 37 ሜትር ይሆናል። እነዚህ አዳራሾች ደግሞ የተሠሩት ወንበሮቹን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው፣ ምስሉ ከዓይናችን ዳርቻ እንዲያልፍ ነው። ለትንሽ ስክሪን የበቃ ቁጥር እዚያ አይበቃም።

የቀረው ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቀውም የሚለው ነው። ስሙን ላያውቀው ይችላል። ግን ያየዋል። የት እንደሚታይ ልንገራችሁ።

በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ የፊደሎቹን ጠርዝ ተመልከቱ። በአምስት ቀዳዳው ፊልም ፊደሎቹ በጣም ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ የማልታው መስቀል ሥራ ነው። በመንከባለያው ማሽን ያ መተንፈስ ከሞላ ጎደል የለም፤ ፒኖቹና የአየሩ መምጠጥ ናቸው የያዙት። በዲጂታል ጨርሶ የለም።

ከዚያ ምንም የማይንቀሳቀስበት ትዕይንት ጠብቁ። ባዶ ሰማይ፣ ወይም ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ። በዲጂታል የተቀረጸ ከሆነ ግድግዳው ግድግዳ ነው፣ ጸጥ ያለ። በፊልም ግን እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ የብር ቅንጣቶች ነበሩት፤ የዚህኛው አቀማመጥ ከዚያኛው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። ካሜራው ቆሟል፣ ግድግዳው ቆሟል፣ ፍሬሙም ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ያቺ ፀሐይ ግን ግድግዳው ላይ በጣም በቀስታ ስትላወስ ታያላችሁ።